«ተፈጥሮ ነው» ከተባለ በኋላ

በራይካ ዘታብቺ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2019 በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር የተሸለመው «ፒሪየድ. ኤንድ ኦፍ ሴንተንስ» ለጤና ትምህርት የሚመች ሥራ ነው። የርእሱ የመጀመሪያ ቃል በእንግሊዝኛ የወር አበባንም አራት ነጥብንም ያመለክታል። ታሪኩ የሚፈጸመው በሕንድ፣ ከዴልሂ ብዙም በማይርቀው የሃፑር ወረዳ፣ በካቲኬራ መንደር ነው። የመንደሩ ሴቶች አሩናቻላም ሙሩጋናንታም በፈለሰፈው አነስተኛ መሣሪያ የንጽሕና መጠበቂያ ያመርታሉ፤ «ፍላይ» የሚል ስም ሰጥተውም ይሸጣሉ።

የፊልሙ ብርታት ሀፍረትን ሳይሰብክ ማሳየቱ ነው። ስለ ወር አበባ የተጠየቁ ልጃገረዶች አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ወጣት ደግሞ ሴቶችን የሚይዝ በሽታ መሆኑን እንደሰማ ይናገራል፤ ተመልካችም ይስቃል።

የጤና ባለሙያ ግን ከሳቁ አልፎ ማሰብ ይኖርበታል። የወር አበባ በሽታ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ብዙ በሽታ በወር አበባ መዛባት ይገለጣል። ፊልሙ ያተኮረው በመጠበቂያውና በሴቶቹ ገቢ ላይ በመሆኑ፣ ይህ ወገን ሳይነካ ቀርቷል ለማለት ይቻላል። ጉድለቱ የሚጎዳው «ተፈጥሮ ነው» የሚለው መልእክት ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ ነው። በሕመም ተጎብጣ የመጣች ተማሪ «ተፈጥሮ ነው፤ ቻዪው» ተብላ ከተመለሰች፣ ሀፍረቱ ቢወገድም ሥቃዩ አልተወገደም።

ሕመሙን በአብዛኛው የሚያመጣው የማሕፀን ሽፋን የሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን ነው። አይቡፕሮፌን ይህን ስለሚቀንስ፣ የሚከለክል ምክንያት ለሌላት ሴት ገና ሕመሙ ሲጀምር ቢሰጥ ይረዳል። በመድኃኒት የማይበርድ ሕመም ኢንዶሜትሪዮሲስን ሊያሳስበን ይገባል። ከ8 ቀን በላይ የሚቆይ ወይም ኑሮዋን የሚያውክ የደም መፍሰስ ደም ማነስን ያስከትላል፤ ምንጩም ማዮማ፣ የታይሮይድ እክል ወይም የደም አለመርጋት ሊሆን ይችላል። ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ዑደቱ ቢዛባ የሚጠበቅ ነው፤ በአዋቂ ሴት ግን ከ24 እስከ 38 ቀን ካለው ወሰን ደጋግሞ ከወጣ ምክንያቱ ይፈለግ።

በአገራችንም ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በመቀሌ ባቋቋሙት ፋብሪካ ታጥቦ የሚያገለግል መጠበቂያ ሲያመርቱ ቆይተው፣ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። ሥራቸው ምስጋና ይገባዋል፤ የሐኪሙን ጥያቄ ግን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የወር አበባ እንደ ንጽሕና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን እንደ ጤና ጉዳይ እንዲታይ ጠይቋል።

ስለዚህ ፊልሙ በየትምህርት ቤቱ ቢታይ መልካም ነው። ካለቀ በኋላ ግን ባለሙያው ልጃገረዶቹን ለየብቻ ይጠይቅ፦ በየስንት ቀኑ ይመጣል? ስንት ቀን ይቆያል? ከትምህርት ያስቀርሻል? መልሱንም በካርዷ ላይ ይመዝግብ።