የተዘጋው በር፦ ከተማና ፍርስራሽ በጀብዱ ጌሞች

የጀብዱ ቪዲዮ ጌም ወዳጆች ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ አለ፤ ጌሙ የሚጥመው ጀግናዋ ጥንታዊ ፍርስራሽ ውስጥ ስትሆን ነው ወይስ የከተማ ጎዳና ላይ? ነገሩ ብዙ ጊዜ የምርጫ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከሥሩ ሁለት ቁም ነገሮች ያሉ ይመስለኛል፤ አንደኛው የግንባታ ጥበብ፣ ሁለተኛውና የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ለመመርመር «ቱም ሬይደር» ዋነኛው ማስረጃ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር ደርቢ ከተማ የነበረው ኮር ዲዛይን በ1996 ያወጣው የመጀመሪያው ጌም ላራ ክሮፍትን ከፔሩ ዋሻዎች ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ግብፅ፣ በመጨረሻም ወደ አትላንቲስ ይወስዳታል። በመንገዷ ሰው እምብዛም አታገኝም። ዓለሙ በሙሉ የተገነባው እኩል በሆኑ ብሎኮች ነው። ላራ ቆማ ስትዘል አንድ ብሎክ ትሻገራለች፤ ተንደርድራ ስትዘል ሁለት፤ ተንደርድራ ዘልላ ጠርዙን በእጇ ከያዘች ሦስት። ተጫዋቹ ገደሉን በዓይኑ ይለካል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ ይወስናል። ይህ ሥርዓት ፍርስራሽን የመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። የተጠረበ ድንጋይ ራሱ ብሎክ ነው፤ የተሰበረ አምድ ወይም የተናደ ደረጃ መወጣጫ ሲሆን «ማን እዚህ አስቀመጠው?» የሚል የለም። የጊዜው ማሽኖች ሩቁን ማሳየት አለመቻላቸውንም የመቃብሩ ጨለማ ሸፍኖላቸዋል።

ከዚያ ጌም ክፍሎች ሁሉ ልቆ የሚታየኝ «ሴንት ፍራንሲስ ፎሊ» ነው። ቁልቁል የሚወርድ ጥልቅ ጉድጓድ መሳይ አዳራሽ ሲሆን በግድግዳው ላይ የኔፕቱን፣ የአትላስ፣ የዳሞክለስና የቶር ስም ያላቸው አራት በሮች አሉ። እያንዳንዱ በር ከስሙ ጋር የተያያዘ ፈተና ደብቋል፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ተጫዋች ሁሉንም እንደሚከፍታቸው ያውቃል። የፍርስራሽ ኃይል እዚህ ላይ ነው። የተዘጋ በር ሁሉ ቃል ይገባል፤ ቃሉም ይፈጸማል።

ከተማ ግን በዚህ በኩል ይቸገራል። አንድ መንገድ ላይ ከተደረደሩት በሮች ውስጥ ጌም ሠሪው ከፍቶ ሊያሳይ የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀሩት ቀለም የተቀቡ ግድግዳዎች ናቸው። በ1997 የወጣው ሁለተኛው ጌም ይህንን በቬኒስ ቦዮችና በሞተር ጀልባ አለፈው። ሦስተኛው ደግሞ በ1998 ለንደንን በጣሪያዎቿ በኩል አሳየ፤ ከዚያም ወደ ኦልድዊች ምድር ባቡር ጣቢያ ወረደ። ጣቢያው በእውኑም ዓለም በ1994 ተዘግቷል። ምርጫው ብልህነት ነበር፤ ከተማው ውስጥ ራሱ ከተማው የጣለውን ፍርስራሽ አገኙ።

ትልቁ ሙከራና ትልቁ ውድቀት በ2003 የመጣው «ዘ ኤንጅል ኦቭ ዳርክነስ» ነው። ላራ በግድያ ተጠርጥራ በፓሪስ ጎዳናዎች ትሸሻለች፤ ካፌ ትገባለች፣ ሰዎችን ታነጋግራለች፣ መልሷንም ተጫዋቹ ይመርጣል። ጌሙ በስህተት ተሞልቶ፣ ላራም ለመታዘዝ አስቸጋሪ ሆና ወጣ፤ ተከታታዩም ከኮር ዲዛይን ተወስዶ ለአሜሪካው ክሪስታል ዳይናሚክስ ተሰጠ። ከዚህ በመነሣት «ላራ ለከተማ አልተፈጠረችም» ያሉ ብዙ ነበሩ። አልስማማም። የወደቀው አሠራሩ እንጂ ሐሳቡ አልነበረም። በሉቭር ሙዚየም ሥር ባለው ቁፋሮ በኩል ወደ ጥንታዊው መቃብር መውረድ እስከ ዛሬ ከሚወደሱት የጌሙ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ክብደት የሰጠውም ከላዩ ያለው ፓሪስ ነው።

ወደ ባለቤትነቱ ስመጣ፣ የጌም ፍርስራሽ ነዋሪው የተነሣለት ከተማ ነው። ሰው ስለሌለ ዕቃ ማንሣት ስርቆት አይመስልም። ይህን ምቾት በድፍረት የነካው የ2018ቱ «ሻዶው ኦቭ ዘ ቱም ሬይደር» ነው። ላራ በሜክሲኮ ኮዙሜል ከቤተ መቅደስ ጩቤ ታነሣለች፤ ወዲያው ባሕሩ ይነሣና ከተማውን ያጥለቀልቃል። ሰዎች በዓይኗ ፊት ይሞታሉ። በመቃብሩ ውስጥ የተደረገው ነገር የሚያስከፍለው ዋጋ በመንገድ ላይ ታየ። ጌሙ ቀጥሎ ወደ ፓይቲቲ፣ ሰው ወደሚኖርባት ጥንታዊ ከተማ ይወስደናል፤ ላራ የአገሩን ልብስ ትለብሳለች፤ ተጫዋቹ ከፈለገ ነዋሪዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ሲናገሩ መስማት ይችላል። የሚያሳዝነኝ፣ ከዚያ በኋላም መቃብር መበርበሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ መቀጠሉ ነው። የጸጸቱን ጥያቄ ታሪኩ አንሥቶ ጨዋታው ጣለው።

በ2024 የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» የበሩን ችግር በተሻለ መንገድ ፈትቶታል። በቫቲካን ጀግናው የካህን ልብስ ለብሶ ይዘዋወራል፤ መግቢያ የሚያስገኝለት ጡንቻው ሳይሆን ማን መስሎ መታየቱ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1937፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ኢጣሊያን በሚገዙበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ይህን ዓመት እንደ ጌጥ ሊያልፈው አይችልም። የፋሽስቱ አገዛዝ ከአክሱም ያጋዘውን ሐውልት ሮም ላይ ያቆመው በዚያው ዓመት ነው። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 ዳግም የተተከለው ነዋሪ በሌለበት ምድረ በዳ ሳይሆን ገበያ በሚቆምበት፣ ቅዳሴ በሚቀደስበት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ከተማ ውስጥ ነው። የፔሩና የግብፅ መቃብሮች በጌም ውስጥ ባዶ የሆኑት ሠሪዎቹ ባዶ ስላደረጓቸው ነው፤ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ዛሬም ሰፈር አለ። ስለዚህ ከተማና ፍርስራሽን ለይቶ አንዱን ምረጡ የሚለው ክርክር ራሱ የተነሣው ከዚያ የ1996 ባዶነት ነው።