ሽልማቱ የሚመዝነው ማንን ነው? በሐዋሳ ከተማ የትምህርት ተሳትፎና ፍትሐዊነት መለኪያዎች ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

በየትምህርት ዘመኑ ማብቂያ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የዓመቱን የሥራ ክንውን ያቀርባሉ። ስንት ተማሪ እንደተመዘገበ፣ ሴቶች ከወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል እንደሆኑ፣ ከተፈታኞችም ስንቱ እንዳለፈ ይነገራል። በእነዚህ ቁጥሮች መነሻነት ብልጫ አሳይተዋል ለተባሉት ትምህርት ቤቶች ዋንጫና የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ልማዱ መልካም ነው። የደከመ ሊመሰገን ይገባዋልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሽልማትን መንቀፍ ሳይሆን፣ ሽልማቱ የቆመባቸው ቁጥሮች እንደ ሐዋሳ ባለች ከተማ ምን እንደሚገልጹና ምን እንደሚሸፍኑ መመርመር ነው።

ሀ. አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት

በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ሐዋሳ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የከተማይቱ ነዋሪ 69 ሺሕ ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ሕዝብ ከ258 ሺሕ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ከዚህ ውስጥ በከተማው ክልል የሚኖረው 157 ሺሕ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ነበር።

ይህ አከፋፈል ለትምህርት ሥራ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ከስምንቱ ክፍላተ ከተማ መካከል እንደ መሐል ከተማ፣ መናኸሪያና ሐይቅ ዳር ያሉት የከተማ ኑሮ የሚኖርባቸው ሲሆኑ፣ ሐዌላ ቱላ ግን በአብዛኛው ገበሬ የሚኖርበት ነው። በመሐል ከተማ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ በቤቱ ማንበብ የሚችል ሰው፣ በሰፈሩም የመጻሕፍት መሸጫ ያገኛል። በቱላ ገጠር ያለው ልጅ ግን ከትምህርት መልስ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በእንሰት ሥራም ያግዛል። የሁለቱን ውጤት ደምሮ አማካይ ማውጣት የሁለቱንም እውነተኛ ሁኔታ መደበቅ ነው። አማካዩ ከፍ ሲል ከተማው ይመሰገናል፤ ቱላም በስሙ ብቻ የምስጋናው ተካፋይ ይሆናል።

ለ. ምዝገባና አካፋዩ ቁጥር

የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በወጣበት በ1986 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 30 አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገኘው መስፋፋት ማንም የማይክደው ድል ነው። ነገር ግን ጥቅል ተሳትፎ ዕድሜው ያለፈውንም ክፍል የደገመውንም ተማሪ አንድ ላይ ይቆጥራል። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተቀመጠ ሕፃን በሁለቱም ዓመታት የምዝገባውን አኃዝ ያሳድጋል። በመሆኑም የድጋሚ ብዛት፣ ይኸውም ጉድለት የሆነው ነገር፣ በመዝገቡ ላይ እድገት መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከዚህ የባሰው ችግር በአካፋዩ ቁጥር ላይ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተካሄደም፤ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ የነበረውም ተላልፏል። ስለዚህ ለትምህርት የደረሱ ሕፃናት ብዛት የሚሰላው ከዚያ ቆጠራ በተወሰደ ትንበያ ነው። ሐዋሳ ግን ትንበያው እንደገመታት ሆና አልጠበቀችም። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ከገጠር መጥተው በኪራይ ቤቶች ሰፈሩ። ቤተሰብም እየተከተለ መጣ። አካፋዩ ከእውነቱ ሲያንስ ተሳትፎው ከመቶ መቶ ያልፋል፤ ከትምህርት ውጭ ያለውም ሕፃን ከወረቀት ላይ ይጠፋል።

የጾታ ምጥጥንም ቢሆን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ሴቶችና ወንዶች እኩል ከተመዘገቡ ምጥጥኑ አንድ ይሆናል፤ እኩል ቢያቋርጡም ያው አንድ ይሆናል። ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ሥራ ፍለጋ የሄደች ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ከተመዝጋቢዎች አትቆጠርም፤ ከወዳቂዎችም አትቆጠርም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ታዲያ ዘንድሮ ስንት ሴቶች ተመዘገቡ የሚለው ብቻ አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት አንደኛ ክፍል ከገቡት መካከል ስንቶቹ ስምንተኛ ክፍል ደረሱ የሚለውም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

ሐ. የማለፍ መቶኛ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኩረጃ መቀነሱና እውነተኛው ገጽታ መታየቱ የሚያስመሰግን ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ ይህም ከመቶ 8.4 ነው። ያለፉት በቁጥርም መጨመራቸው እውነተኛ መሻሻል መሆኑ አይካድም። ሆኖም በ2017 ያለፉት ለ2014ቱ የተፈታኞች ብዛት ቢካፈሉ ውጤቱ ከመቶ 5.5 ያህል ብቻ ይሆናል። ከጭማሪው ከግማሽ የሚበልጠው የተገኘው እንግዲህ ተፈታኙ በማነሱ ነው። ለተፈታኙ ማነስ በአንዳንድ አካባቢዎች የነበረው ጦርነት አንዱ ምክንያት ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ግን መቶኛው ብቻውን የሚነግረን ለፈተና ስለተቀመጡት እንጂ ሳይደርሱ ስለቀሩት አይደለም።

በዚህ መለኪያ ሽልማት የሚሰጥ ከሆነ ለርእሳነ መምህራን የሚተላለፈው ትምህርት አሳሳቢ ነው። ደካማውን ተማሪ ይዞ፣ አስጠንቶ፣ እስከ ፈተናው ያደረሰ ትምህርት ቤት መቶኛው ዝቅ ይልበታል፤ ደካማውን ቀደም ብሎ ያሰናበተ ግን መቶኛው ከፍ ይልለታል። ተፈታኞቻቸውን በሙሉ በማሳለፍ ከሚመሰገኑት መካከል ብዙዎቹ ተማሪዎችን በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መሆናቸውም የታወቀ ነው። በአንጻሩ በ2016 ዓ.ም. 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚህ ውስጥ ያለ መምህር ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ የሚያምን ይኖራል ለማለት ያዳግታል።

ልዩነቱ የሚጀምረውም በ12ኛ ክፍል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በሲዳምኛ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት ስላነበቡት ምንባብ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱንም መመለስ አልቻሉም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ተገቢ መብት ነው፤ ነገር ግን በቂ መጽሐፍና በቋንቋው ንባብን ለማስተማር የሠለጠነ መምህር ካልተሟላ መብቱ ከወረቀት አያልፍም።

መ. ከታሪክ አንድ ምሳሌ

አገራችን በትምህርት ያገኘችው ትልቅ ዓለም አቀፍ እውቅና እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የማንበብና መጻፍ ሽልማቶች አንዱን አገኘ። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ እስከ 15 የደረሰ ሲሆን ሲዳምኛም ከነዚሁ አንዱ ነበር። ያ ሽልማት አስቀድሞ የተማረውን ያስቀደመ አልነበረም፤ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ከነበረበት ወደ የት ደረሰ የሚለውን መሠረት ያደረገ ነበር። ይሁን እንጂ በዘመቻው የተማሩት አያሌ ሰዎች የሚያነቡት በማጣት ያወቁትን መልሰው ረስተዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ሽልማት ካለ ተከታታይ ሥራ አይጸናም።

ሠ. ማጠቃለያና አስተያየት

የጥሬ ውጤት ደጋፊዎች የሚያነሡት ክርክር ሊናቅ አይገባም። መነሻ እየተባለ ውጤት ከታረመ፣ ለድኻ ልጅ ዝቅ ያለ ግብ ማውጣት ይለመዳል፤ ቁጥሩም ለማጭበርበር ይመቻል ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው። መፍትሔው ግን አንዱን መለኪያ በሌላው መተካት ሳይሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ማተም ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት አራት ነጥቦች ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይቀርባሉ።

1. የከተማው ዓመታዊ ዘገባ በየክፍለ ከተማው ተለይቶ፣ ሐዌላ ቱላም ለብቻው ተነጥሎ ይታተም።

2. ቆጠራ እስኪካሄድ ድረስ በየቀበሌው መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጋራ ለትምህርት የደረሱ ሕፃናትን ቤት ለቤት ይመዝግቡ፤ አካፋዩም ይኸው ይሁን።

3. የማለፍ መቶኛ ሲሰላ ከተፈታኞች ብዛት ጎን ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል የገቡት ቁጥር ይጻፍ፤ ያቋረጡትም በጾታ ተለይተው ይገለጹ።

4. ሽልማት ሲሰጥ ተማሪዎች በስምንተኛ ክፍል ያመጡት ውጤት ከ12ኛ ክፍል ውጤታቸው ጋር ይነጻጸር፤ ብዙ መንገድ ያስኬደ ትምህርት ቤት እንደ አንደኛው ሁሉ ይሸለም።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ስም ዝርዝሩ በመምህሩ መዝገብ ላይ አስቀድሞ አለ። የሚያስፈልገው መዝገቡን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ነው፤ ይኸውም ካለፉት ስሞች ጋር በመሐል የተሰረዙትንም ጭምር መቁጠር ነው።