የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ ስለ ምን አያረጅም?

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር፣ ማኅበር በሚጠጣበትና ዝክር በሚዘከርበት ቤት፣ እንዲሁም ሐዘንተኛ ማጽናናት በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ አንድ ሰው «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን» ብሎ ነገር ሲጀምር የማይሰማ ጆሮ የለም። ሰሚው ጨዋታውን ደጋግሞ ሰምቶታል፤ ፍጻሜውንም ያውቀዋል። ተናጋሪው ቢስት እንኳ ያርመዋል፤ አርሞትም ይሥቃል። አለቃ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዘውድ አልፏል፤ ደርግም አልፏል፤ በእነዚያ ዘመናት ሰውን ያሣቁ ብዙ ቀልዶች ዛሬ ትዝ የሚሏቸው ጥቂቶች ናቸው። የአለቃ ጨዋታ ግን አላረጀም። የዚህን ረጅም ዕድሜ ምክንያት በዚህች አጭር ጽሑፍ መመርመር እፈልጋለሁ።

ለጥያቄው ዘወትር የሚሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው «አለቃ እጅግ ብልህ ስለ ነበሩ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ሰምና ወርቅ ስላለበት ነው» ይላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይፈቱትም። ብልህ ሰው በየዘመኑ ነበረ፤ የብዙዎቹ ቀልድ ግን ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል። ሰምና ወርቅም በየቅኔ ቤቱ በየዕለቱ ሲዘረፍ ይውላል፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ገበሬውና ነጋዴው፣ የቤት እመቤቷና ተማሪው በቃላቸው ይዘውት የሚኖሩት እጅግ ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ከእነዚህ ሁለት መልሶች አልፈን መፈለግ ይገባናል።

አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ ተወልደው፣ ጎንደር ተምረው፣ የጎንደር በአታ ለማርያም አለቃ ለመሆን የበቁ ሊቅ ነበሩ። የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን (1847–1860 ዓ.ም.) አይተው እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ደርሰዋል። «ተክሌ» የሚባለው የአቋቋም ስልትም ከእርሳቸው የወጣ ነው ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። አለቃ ስልቱን ያወጡት የጣናን ማዕበልና በዳርቻው ያለውን የደንገል ውዝዋዜ ተመልክተው እንደ ሆነ አፈ ታሪክ ይነግረናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ አልተነካም። አዲስ የሆነው የአካልና የመቋሚያ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ይህ ሰው ሥርዓትን አያፈርስም፤ በሥርዓቱ ውስጥ ቆሞ ይወዛወዛል። በጨዋታውም የሚያደርገው ይህንኑ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ግን ሰውየውንና ገጸ ባሕርዩን መለየት ያስፈልጋል። ቱርኮች ጥሩ ቀልድ ሁሉ የነስረዲን ሆጃ ነው እንደሚሉ ሁሉ፣ እኛም ባለቤቱ ያልታወቀውን ቀልድ ሁሉ ለአለቃ እንሰጣለን። ስለዚህ የትኛው ጨዋታ በእውነት ከአፋቸው እንደ ወጣ መከራከር ብዙ አይጠቅምም። ይልቅስ ሕዝቡ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሠራ መመልከት ይሻላል። በጨዋታው ያሉት አለቃ ሁልጊዜ እንግዳ ናቸው፤ ሁልጊዜም ይርባቸዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ሁልጊዜ እቤት ናት። ዛሬ የሆነው ነገር ለነገው ጨዋታ ትምህርት አይሆንም፤ በማግስቱ አለቃ እንደ ገና ይራባሉ፤ እንደ ገናም ሰው ቤት ይቀርባሉ። ሰሚው የሚጠብቀው አዲስ ታሪክ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው በሚያውቀው ጭንቅ ውስጥ ተመልሶ ሲገባ ማየትን ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን የመሶቡን ጨዋታ እንመርምር። አለቃ ሰው ቤት ተጋብዘው ገቡ። መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘላ ወጣች። ባለቤቶቹ እንዳላዩ ሆኑ፤ አለቃም እንዳላዩ ሆኑ። ማዕዱ ቀረበ፤ በሉ፤ ጠጡም። ሲጨርሱም እንደ ደንቡ ቤቱን መረቁ። ይህ ቤት መሶብ እንዳያጣ ተመኙ፤ የምርቃታቸውም መዝጊያ «አይጡ» የሚል ቃል ነበር። ሰሙ «እጦት አይድረስብዎ» ነው፤ ወርቁ ደግሞ ያቺው አይጥ ናት።

ስለዚህ ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎች ነገሩን እዚህ ላይ ያቆሙታል፤ ዋናው ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። አለቃ ከጓደኛቸው ወይም ከታናሻቸው ጋር ቢሆኑ ኖሮ «አትጣ» ወይም «አትጪ» ይሉ ነበር፤ በዚያ ቃል ውስጥ አይጥ የለችም። ለብዙዎች ቢሆን «አትጡ» ይሉ ነበር፤ በዚያም ውስጥ የለችም። አይጧ የምትገኘው በአክብሮቱ ቃል በ«አይጡ» ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ስድቡ ከአክብሮት ጀርባ የተሸሸገ አይደለም፤ አክብሮቱ ራሱ ስድቡን ተሸክሞት ይሄዳል። አለቃ አንቱታውን አንዲት ፊደል እንኳ ቢያጐድሉ ቀልዱ ይሞታል።

ሁለተኛም ነገር አለ። በአገራችን ደንብ ምርቃት የሚሰማ ሰው ዝም አይልም፤ «አሜን» ይላል። ባለቤቲቱ ነገሩ ቢገባትም ባይገባትም «አሜን» ማለት ግዴታዋ ነው። እንግዲህ በገዛ አፏ አይጧን አጸደቀች ማለት ነው። እንግዳው ደንቡን ጠብቋል፤ ባለቤቲቱም ደንቡን ጠብቃለች፤ ሁለቱ ሲጠብቁት ሣቁ በመካከላቸው ተወለደ።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው፣ ይህ ዓይነቱ አነጋገር በግልጽ የማይነገረውን ስድብ በጨዋ መንገድ ለማድረስ እንደሚያገለግል ጽፈዋል። ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሰሙን እንደ ልብስ፣ ወርቁን እንደ ገላ ብቻ ከቈጠርነው የመሶቡ ጨዋታ ያመልጠናል። ተሰብሳቢው የሚሥቀው የተሸሸገውን ስድብ ስላገኘ ብቻ አይደለም፤ ጨዋነት ምን ያህል ክብደት ሊሸከም እንደሚችል ስላየም ነው።

ነገሩ የበለጠ እንዲገለጥ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1979 በቢቢሲ ያሳዩት «ፎልቲ ታወርስ» የተባለ የቴሌቪዥን ቀልድ አላቸው። ክፍሉ በጠቅላላው 12 ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ2000 የብሪታንያ የፊልም ተቋም ከአገሪቱ የቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ አንደኛ አድርጎ አስቀምጦታል። ደራሲዎቹ ጆን ክሊዝና ኮኒ ቡዝ ናቸው። መነሻው በ1970 ክሊዝ ከባልደረቦቹ ጋር ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ባረፈበት ሆቴል ያየው፣ እንግዳ የሚያመናጭቅ ባለሆቴል ነበር። እንደ አለቃ ሁሉ በዚህም በእውነት የኖረ ሰው ወደ ገጸ ባሕርይ ተለወጠ።

ባለሆቴሉ ቤዚል ፎልቲ ክቡር እንግዳ ይመኛል፤ ተራውን እንግዳ ግን ይጸየፋል። በመጀመሪያው ክፍል «ሎርድ ነኝ» ላለው አታላይ እየሰገደ ሌላውን እንግዳ ሁሉ ያንገላታል፤ በመጨረሻም ይዋረዳል። ከአለቃ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጎንደር የሚነክሰው እንግዳው ነው፤ በቶርኪ ግን ባለቤቱ። አለቃ ጨዋነታቸው አንድ ጊዜም አይሰበርም፤ የቤዚል ጨዋነት ግን በየክፍሉ ይሰበራል፤ ሣቁም የሚመጣው ሲሰበር ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው፣ ተመልካቹ የመስተንግዶን ሕግ በልቡ የሚያውቅ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ሕጉን ለማያውቅ ሰው ቤዚል ባለጌ ብቻ ነው፤ አለቃም መራቂ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ። በአለቃ ስም የሚነገረው ሁሉ የሚያኰራ አይደለም። ሴትን የሚያዋርድ፣ አካሉ የጐደለውን የሚያላግጥበት፣ የሌላውን ሕዝብ አነጋገር መሣቂያ የሚያደርግ ጨዋታ አለ። ምን እናድርገው? እንግሊዞችም ይህ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። በ2020 ዩኬቲቪ «ጀርመኖች» የተባለውን ክፍል፣ በውስጡ አንድ ጡረታ የወጣ ሻለቃ የሚናገረው ዘረኛ ቃል ስላለበት ለጊዜው አንሥቶት ነበር፤ በኋላ ማስጠንቀቂያ ጨምሮ መለሰው። ክሊዝም የሚሣቅበት ሻለቃው ራሱ ነው ሲል ተከራክሯል።

በበኩሌ አንድ መለኪያ አቀርባለሁ፤ ይኸውም ቀልደኛው ከዚያው መሶብ በልቷል ወይ የሚል ነው። በመሶቡ ጨዋታ አለቃ ከባለቤቲቱ በላይ ሆነው ድህነቷን አልናቁም። አይጧ የረገጠችውን እንጀራ እርሳቸውም በልተዋል፤ ቀልዱ ለእርሳቸውም ሆድ ይተርፋል። ቤዚልም በሠራው ሞኝነት ዕዳውን የሚከፍለው ራሱ ነው። ነገር ግን ምስኪኑን ስፔናዊ አስተናጋጅ ማኑኤልን በጥፊ ሲማታ፣ በእኔ ግምት የዚያ ታላቅ ሥራ ደካማ ጎን ይታያል። ስፔኖች ሥራውን ወደ ቋንቋቸው ሲመልሱ ማኑኤልን ጣሊያናዊ አድርገውት ነበር፤ መሣቂያ የሆነ ሰው በቤቱ መሣቂያ መሆን እንደማይወድ ከዚህ ይታወቃል። በአለቃ ስም የሚነገረው የንቀት ጨዋታም እንዲሁ ነው። ተናጋሪው ከመሶቡ አልበላም፤ ከደጅ ቆሞ ድንጋይ ይወረውራል። እንዲህ ያለው ጨዋታ የተናቀው ሰው በተቀመጠበት ማዕድ ሊነገር አይችልም፤ የመሶቡ ጨዋታ ግን በማንም ፊት ይነገራል። የዕድሜው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ጨዋታው ለዘላለም አያረጅም ማለት ነውን? እንዲህ ብዬ መደምደም አልደፍርም። ቀልዱ የበቀለው በአንቱታ መሬት ላይ ነው። በከተማ ያለን ወጣቶች አባትና እናትን «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት ለምደናል፤ ምርቃትም የምንሰማው በበዓል ቀን ነው። «አይጡ» ማለት ለማን እንደሚባል የማያውቅ ልጅ ሲመጣ፣ ጨዋታው በትርጓሜ ይነገረዋል፤ በትርጓሜ የተነገረ ቀልድ ደግሞ ያስተምር እንደ ሆነ እንጂ አያሥቅም። ጨዋታዎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ መታተማቸው መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቃሉ ብቻ ተለቅሞ ይቀርባል። ማን ለማን እንደ ተናገረው፣ በምን ዓይነት ማዕድ፣ በየትኛው የአክብሮት ቃል እንደ ሆነ፣ ሰሚውም ምን ብሎ እንደ መለሰ አይጻፍም። የተክሌን ዝማሜ በቃላት ብቻ ጽፎ መቋሚያውንና ከበሮውን እንደ መተው ያለ ነው።

በጎንደር የምንማር ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነን። የእረፍት ጊዜ ሲደርስ ወደ ደምቢያ፣ ወደ ወገራ፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጭልጋ የምንሄድ ሁሉ ከአያቶቻችን አንድ አንድ ጨዋታ ከነአነጋገሩ፣ ከነ«አሜን»ኑ ጽፈን ብንመለስ፣ ለቋንቋ ጥናትም ለሥነ ጽሑፍም ብዙ ይጠቅማል። የንቀቱንም ጨዋታ አንሸሽገው፤ ከማን በላይ ቆሞ እንደ ተነገረ ግን አብረን እንጻፍ። ያን ጊዜ የትኛው ከመሶቡ የበላ፣ የትኛው ከደጅ የወረወረ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ለይቶ ይፈርዳል።