ስለ ቁጥርና ስለ መስፈሪያው

በአብራሪዎችና በምድር ሠራተኞች መካከል ጥፋት የሚመጣው ባለመነጋገር ነው ይባላል። ይህ አስተያየት ጎደሎ መሆኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጁላይ 23 ቀን 1983 ዓ.ም. በካናዳ የደረሰው ነገር ያስረዳል። ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን የሚሄደው የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ ማሳያው ስለ ተበላሸ፣ ነዳጁ በዘንግ ተለክቶ በስሌት ተሞላ። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ያስፈልግ ነበር፤ በጋኖቹ የተገኘው 7,682 ሊትር ነው። ሊትሩን ወደ ኪሎ ለመለወጥ በ0.803 ማባዛት ሲገባ በ1.77 አባዙት፤ ይህ ግን ወደ ፓውንድ የሚለውጥ ቁጥር ነው። ስለዚህ 20,088 ሊትር መጨመር ሲገባ 4,916 ብቻ ተጨመረ። ሁለቱም ሞተሮች በአየር ላይ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ በጊምሊ፣ በቀድሞው የጦር አየር ሜዳ ስላሳረፉት፣ 69ኙም ሰዎች በሕይወት ተረፉ።

እንግዲህ ሰዎቹ ተነጋግረዋል፤ ቁጥሩንም ተቀባብለዋል። የጠፋው «የምን 1.77?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ቀድሞ የነዳጁ ስሌት የበረራ መሐንዲሱ ሥራ ነበር፤ በአዲሱ አይሮፕላን ግን መሐንዲሱ ሲቀር፣ ሥራው ለማን እንደ ተላለፈ በግልጥ አልተወሰነም። ታዲያ አብራሪዎቹንና የጥገና ሠራተኞቹን ቀጥቶ ዝም ማለት ፍርድ አይሆንም፤ ባለቤት የሌለው ሥራ የሰጣቸውም ድርጅት መጠየቅ ይገባዋል።