ሙቀቱ የቫልቩ ነው ወይስ የዘፋኙ?

የአሮጌ ዕቃ ፍቅር በየዘመኑ አለ። የዛሬው የሙዚቃ ስቱዲዮ ፍቅር ደግሞ «የድሮ ዓይነት» በሚባለው ባለቫልቭ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ላይ ወድቋል። ሻጩም ገዢውም ስለዚህ ዕቃ ሲናገሩ አንድ ቃል ከአፋቸው አይጠፋም፤ «ሙቀት»። ድምፁን ያሞቀዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ነፍስ ይዘራበታል ይሉናል። እኔ ይህን ቃል መመርመር ይገባናል ባይ ነኝ። በስሙ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት አይደለም፤ በስሙ የሚበላሸው ዘፈንም እንዲሁ።

«የድሮ» እየተባለ የሚቀዳው ዕቃ ብዙ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የሚወደሰው በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በርሊን ላይ የወጣው የኖይማን «ዩ 47» ነው። ጌኦርግ ኖይማን ድርጅቱን ያቋቋመው በ1928 ነበር። በ1943 ፋብሪካው በቦምብ ሲመታ ሥራው ጌፌል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ጌፌል በሶቪየቶች ይዞታ ሥር ቀረች፤ ኖይማንም በምዕራብ በርሊን እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። «ዩ 47» የዚያ ከፍርስራሽ መነሣት ልጅ ነው። በሆሊዉድ ፍራንክ ሲናትራ፣ በለንደን አቢ ሮድ ደግሞ ቢትልሶች ድምፃቸውን ሰጥተውታል።

አሠራሩ ለማስረዳት አያስቸግርም። ወርቅ የተቀባ፣ ከወረቀት እጅግ የሳሳ ሽፋን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው የብረት ሳህን ፊት ለፊት ተወጥሮ ይቆማል። በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ተጠራቅሟል። ዘፋኙ ድምፅ ሲያወጣ ሽፋኑ ይርገበገባል፤ ከሳህኑ ያለው ርቀት ሲለዋወጥ ቮልቴጁም አብሮ ይለዋወጣል። ይህን ክፍል ባለሙያዎቹ ካፕሱል ይሉታል፤ እኛ የማይክሮፎኑ ጆሮ እንበለው። ከጆሮው የሚወጣው ምልክት ግን ረጅም ገመድ የሚያስኬድ አቅም የለውም። ስለዚህ ቫልቩ እዚያው ማይክሮፎኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይቀበለውና ጉልበት ይሰጠዋል፤ ትራንስፎርመሩም ለገመዱ ያስረክበዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ቫልቩ እዚያ የገባው ድምፅ እንዲያሞቅ ታስቦ አይደለም። በ1949 ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችል ሌላ የተሻለ ነገር ስላልነበረ ነው። ትራንዚስተር ገና ጨቅላ ነበር። መሐንዲሶቹ «የድሮ» ነገር እየሠሩ አልነበረም፤ ዘመኑ የሚፈቅደውን የመጨረሻ አዲስ ነገር እየሠሩ ነበር። እንዲያውም ቴሌፉንከን ይሠራው የነበረው የዚህ ማይክሮፎን ቫልቭ፣ «ቪ ኤፍ 14»፣ ልብሱ ብረት እንጂ መስታወት አልነበረም፤ ፍሙ ለዓይን አይታይም። ዛሬ ግን አንዳንዱ ሠሪ የቫልቩ ብርሃን እንዲታይለት መስኮት ያበጅለታል። መስኮቱ ለጆሮ የሚጨምረው የለም፤ የገዢን ልብ ለማሞቅ ግን ይበቃል።

ታዲያ የዚያ ማይክሮፎን ጠባይ ከየት መጣ? ቫልቭ በበኩሉ ለድምፁ አንድ ስምንዮሽ ከፍ ያለ ቀጭን ጥላ ይጨምርለታል። በተለመደው አዘፋፈን ግን ይህ ጥላ እጅግ ትንሽ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዙት ጆሮው፣ ጆሮውን የሸፈነው የሽቦ ወንፊትና ትራንስፎርመሩ ናቸው። ሙቀት የሚባለው ሁሉ ለቫልቩ ሲሰጥ ምስጋናው የተሳሳተ አድራሻ ይደርሳል ማለት ነው።

ስህተቱ ከቃል አልፎ ጉዳት የሚያደርሰው በርካሾቹ ቅጂዎች ላይ ነው። በ1960 ኖይማን «ዩ 67»ን አወጣ። ዘፋኞች ማይክሮፎኑን ከንፈራቸው ሥር አድርገው መዝፈን ስለጀመሩ ለዚያ የሚስማማ ዕቃ አስፈልጎ ነበር። የአዲሱ ማይክሮፎን ጆሮ በባሕርይው ቀጫጭኑንና ሹሉን ድምፅ ከልክ በላይ ከፍ ያደርጋል። መሐንዲሶቹ ይህን አውቀው በኤሌክትሪኩ በኩል መልሰው ዝቅ አደረጉት። ጆሮውና ወረዳው እንደ ባልና ሚስት የሚተራረሙ ናቸው። በጥቂት መቶ ዶላር ከሚሸጡት ባለቫልቭ ማይክሮፎኖች ብዙዎቹ ታዲያ የዚህን ጆሮ መልክ ቀድተው ማረሚያውን ትተውታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው። ሙቀት ተብሎ የተገዛው ዕቃ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል።

ነገሩ የእኛን ዘፋኝ ከማንም ይልቅ ይመለከተዋል። አማርኛ የ«ስ»፣ የ«ሽ»፣ የ«ች»፣ የ«ጭ» እና የ«ጽ» ቋንቋ ነው። ይህን ሁሉ ፉጨት ከፍ አድርጎ የሚያወጣ ማይክሮፎን ግጥሙን በመርፌ እየወጋ ያልፋል። ቆይቶ በማሽን ለማለዘብ ሲሞከር ደግሞ ፉጨቱ ብቻ ሳይሆን ፊደሉም አብሮ ይሟሽሻል፤ «ጽ» ከ«ስ» የማይለይበት ዘፈን ይወጣል። በፍቅርና በትዝታ ዘፈኖቻችን ቃሉ ግማሽ ሥራ ነው፤ ቃል ከተበላሸ ዜማው ብቻውን ምን ያደርግልናል?

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ልወቅጥ ግን አልፈልግም። ኖይማን ራሱ በ2018 መልሶ ያወጣው «ዩ 67» የቀድሞውን ወረዳ ከነማረሚያው የያዘ ስለሆነ ለስሙ የሚገባ ሥራ ነው። በጌፌል የቀረው ፋብሪካም ከጦርነቱ በፊት የተነደፈውን ጆሮ እስከ ዘመናችን ሲሠራ ኖሯል፤ እኔ ይህን ልማድ አከብራለሁ፤ መታሰቢያ ሽያጭ ሳይሆን ያልተቋረጠ ሙያ ነውና። «ዩ 47»ን እንደነበረ እንሠራለን የሚሉትን ግን በጥርጣሬ አያለሁ። «ቪ ኤፍ 14» መሠራቱ የቆመው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የቀረው ቁጥሩ የታወቀ ቅርስ ሆኗል። የጥንቱ ማይክሮፎን ዋጋ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ የወጣውም ከሙቀቱ ይልቅ በብርቅነቱ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ የዕቃ ፍቅር የሚሸፍነው ሌላ እውነት ነው። ሲናትራ በካፒቶል ስቱዲዮ ሲዘፍን ኦርኬስትራው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከ1969 እስከ 1975 አምሃ እሸቴ ባሳተማቸው የአዲስ አበባ ሸክላዎች ላይ የምንሰማው ሙቀትም ዘፋኝና ባንድ አብረው ሲተነፍሱ የሚወጣ ሙቀት ነው። አንዱ ሲያዘግም ሌላው ይጠብቀዋል፤ ሳክስፎኑ ለዘፋኙ መልስ ይሰጣል። ዛሬ ዘፋኙ ብቻውን በጠባብ ክፍል ቆሞ ማንም ላልተጫወተው ከበሮ ይዘፍናል። ያ የጎደለው ሰው በሺህ ዶላር ቫልቭ እንዲተካለት ይጠበቃል። አይተካም።

ለሚገዛ ሰው የምመክረው አጭር ነው። ስሙንና መስኮቱን ይተው። «ሽ» እና «ጽ» የበዛበት ስንኝ ይምረጥ፤ በሁለት ማይክሮፎን ያስቀርጽ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። የተረፈውን ገንዘብ ለአንድ ጥሩ መሲንቆ ተጫዋች ይክፈልና ከዘፋኙ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።