«ፎቶ ይመስላል» ማለት ሙገሳ ነው?

አንድ ሰዓሊ የሰው ፊት በሸራ ላይ አሳምሮ ሲስል መጀመሪያ ከአፋችን የምትወጣው ቃል «ውይ፣ ፎቶ እኮ ነው የሚመስለው!» የምትል ናት። እኔም እላት ነበር። መሳል አልችልም፤ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ሐሳቤን ያስቀየረኝም አንድ ሥዕል የተሠራበትን የንብርብር ቅደም ተከተል ማንበቤ ነው።

ሥዕሉን ታውቁታላችሁ፤ በስኒም በቲሸርትም ላይ ታትሟል። ሆላንዳዊው ዮሃንስ ፌርሜር በ1665 ገደማ የሳላት፣ የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጅ ናት። ሸራው 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የሚገኘውም ዘ ሄግ ከተማ ባለው ሞሪትስሃውስ ሙዚየም ነው።

ስለዚህ ሥዕል ሲወራ ጥቁሩ ዳራ ሳይወደስ አይቀርም፤ ልጅቷን ከጨለማ አውጥቶ ያሳያታል ይባላል። ችግሩ ፌርሜር ጥቁር ዳራ አለመሳሉ ነው። ተመራማሪዎች በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሥዕሉን በልዩ ልዩ የምስል መሣሪያዎች መርምረው ከላይ በስተቀኝ የታጠፈ አረንጓዴ መጋረጃ ምልክት አገኙ። ሰዓሊው መጀመሪያ ጥቁር ቀብቶ፣ በላዩ ኢንዲጎና ዌልድ ከተባሉ ዕፅዋት የተገኙ ቀለሞችን በስሱ ደርቦ ነበር። የዕፅዋት ቀለም ደግሞ ብርሃን ያደበዝዘዋል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ሽፋን ከሽፏል ተብሎ ሪፖርት ይጻፍበታል፤ እዚህ ግን «ምስጢራዊ ጨለማ» ተባለ። እውነቱን ለመናገር ጥቁሩን እኔም እወደዋለሁ። ግን ምስጋናውን ለፌርሜር ብቻ መስጠት ልክ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ የታችኛው እንዴት ይታያል? ሳምቡሳ የተጠቀለለበትን ወረቀት አስታውሱ። ዘይት የነካው ቦታ ጣትን ያሳያል። ደረቅ ወረቀት ነጭ ሆኖ የሚታየው ብርሃን በቃጫውና በመካከሉ ባለው አየር ድንበር ላይ እየተጋጨ ስለሚበታተን ነው። ዘይቱ የአየሩን ቦታ ሲይዝ፣ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከቃጫው ጋር ስለሚቀራረብ መበታተኑ ይቀንሳል። በሸራም ላይ ነገሩ ያው ነው። የተልባ ዘይት ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ 1.48 አካባቢ ነው። ከአፍጋኒስታን ድንጋይ የሚፈጨው ሰማያዊ አልትራማሪን 1.5 ገደማ ስለሆነ በዘይት ውስጥ ብርሃን ያሳልፋል። ከሊድ የሚሠራው ነጭ ግን ወደ 2 ይጠጋል፤ ብርሃኑን መልሶ ይበትናል፣ ከሥሩ ያለውንም ይሸፍናል። እንግዲህ ሰዓሊው በአንድ ዘይት መስኮትም ግድግዳም መሥራት ይችላል ማለት ነው።

ፌርሜር ይህን በስሌት አላወቀውም፣ በእጁ ግን ያውቀዋል። በቡናማና በጥቁር ጀመረ፤ የጆሮዋን ቦታ አስተካከለ፤ ከዳራው ተነስቶ ፊቷን፣ ቢጫ ጃኬቷን፣ ነጩን ኮሌታ፣ ሻሹን፣ በመጨረሻም ዕንቁውን ሠራ። በየመሃሉ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚደርቀው።

ዕንቁው ለእኔ የሥዕሉ ቁንጮ ነው፤ ምክንያቱም የለም። ዙሪያውን የሚከብ መስመር የለውም፤ ከጆሮዋ የሚያንጠለጥለው ቀለበት እንኳ የለም። ከላይ አንድ ወፍራም የነጭ ጠብታ፣ ከታች የኮሌታውን ነጸብራቅ የሚመስል ስስ ነጭ፤ በቃ። የቀረውን የሚሞላው የእናንተ ዓይን ነው። ዛሬ የቆዳን ቀዳዳ ሁሉ ቆጥረው የሚስሉ ሥዕሎችን ሳይ እጅ ሥራቸውን አደንቃለሁ፣ ነገር ግን ለዓይኔ የሚተዉለት ሥራ የላቸውም።

ሙዚየሙ ሥዕሉን በከፍተኛ ጥራት በኢንተርኔት አስቀምጦታል። አጉሉትና የጃኬቷን ትከሻ እዩ፦ በችኮላ የተጣሉ የብሩሽ ምቶች ናቸው፣ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ወደ ቀኝ ጥግ ውጡና መጋረጃውን ፈልጉት። እኔ በስልኬ ብዙ ፈልጌ አላገኘሁትም።