ነጃሺን ስናወሳ የምንዘነጋው

በኹጥባዎቻችንም ሆነ በጽሑፎቻችን ስለ ነጃሺ የሚቀርበው ትረካ በአብዛኛው በኩራት ተጀምሮ በኩራት የሚያበቃ ሆኖ እናገኘዋለን። ኢብኑ ኢስሓቅ ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ዘገባ ግን ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በንጉሡ ፊት ዲናቸውን ሲያስረዱ፣ ከተውሒድ ጋር እውነት መናገርን፣ አማና መጠበቅን፣ ለጎረቤት በጎ መዋልንና የየቲምን ገንዘብ አለመንካትን ዘርዝረዋል። ስለሆነም ዘገባው ቅርስ ብቻ ሳይሆን አደራም ነው።

ከመቐለ በስተ ሰሜን የሚገኘው የነጋሽ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተጎድቷል፤ ስለ ጥገናው መጨነቃችን ተገቢ ነው። ይሁንና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በመቐለ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው የቆዩ ተፈናቃዮች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ክርስቲያኖች ናቸው። ዘካን በተመለከተ አብዛኞቹ ፉቀሃእ ለሙስሊም ድኾች ይወስኑታል፤ የሱና ሰደቃ በር ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ሱረቱል ሙምተሒና፣ አንቀጽ 8 ላልተዋጉን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሕን አልከለከለንም።

ንጉሡ በራቸውን የከፈቱት ገና ሃይማኖታቸውን ላልተጋሩ ስደተኞች ነበር። ይህን በሚንበር ላይ እያወደስን ለጎረቤታችን በራችንን ከዘጋን፣ ታሪኩን ተረክነው እንጂ አልተማርንበትም።